ሚሊታሪ ዋንሶርስ፦ ለወታደር ቤተሰብ የሚሰጠው ነፃ የምክር አገልግሎት ምን ያህል ይረዳል?

ይህን የምጽፈው ባላቸው ወይም ሚስታቸው በአሜሪካ ጦር ውስጥ ለሚያገለግሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው። ጥቂት አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ተጀምሮ በ2016 የቆመው ማቭኒ የተባለው የምልመላ ፕሮግራም አማርኛን ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎት ስለነበር በዚያ በር የገቡ አሉ። በግሪን ካርድ የተመዘገቡ አሉ፤ እዚሁ ተወልደው ያደጉም አሉ። ወታደሩ ደንቡን በሥልጠና ይማረዋል። ቤተሰቡን ግን አስቀምጦ የሚያስተምር የለም። በስብሰባ ላይ የሚታደለው ወረቀት በአህጽሮት የተሞላ ስለሆነ እቤት ደርሶ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ሚሊታሪ ዋንሶርስ የወታደር ቤተሰብ በመሆናችን ካገኘናቸው ነፃ አገልግሎቶች ሁሉ እኛን ይበልጥ የጠቀመን ነው። ለማንኛዋም የወታደር ሚስት ደውዪ እላታለሁ። ነገር ግን ሕክምና አይደለም። ይህን ሳያውቅ የሚደውል ሰው ያሰበውን ላያገኝ ስለሚችል ነገሩን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ባለቤቴ ጽሑፉን አንብቦታል፤ እንዲቀር የፈለገውንም አስቀርቻለሁ።

አገልግሎቱን በጀት መድቦ የሚያስተዳድረው የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ነው። ስልኩ ሌት ተቀን፣ በበዓልም ጭምር ይሠራል። በሥራ ላይ ያለ ወታደር፣ የናሽናል ጋርድና የሪዘርቭ (የተጠባባቂ ጦር) አባል፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች ይጠቀሙበታል። ከጦሩ የተሰናበተ ሰውም እስከ 365 ቀን ድረስ መብቱ አይቋረጥበትም። በግብር፣ በቤት ለውጥ፣ ልዩ እንክብካቤ በሚፈልግ ልጅ ጉዳይም ይረዳሉ፤ እኔ የማውቀው ግን ምክሩን ነው። አንድ ሰው ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ቀጠሮ ድረስ ያለ ክፍያ ያገኛል። ልብ በሉ፤ አሥራ ሁለቱ ለቤተሰቡ በጅምላ የተሰጠ አይደለም። ባለቤቴ የራሱ አለው፣ እኔም የራሴ አለኝ፤ ጉዳዩ ሌላ ከሆነ ደግሞ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። በአካል፣ በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም በጽሑፍ ልውውጥ መርጦ መነጋገር ይቻላል። አማካሪዎቹ ቢያንስ የማስተርስ ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ያላቸው ናቸው።

እኔ የደወልኩት ባለቤቴ የዘጠኝ ወር ግዳጁን ጨርሶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አፍጋኒስታን ደርሶ የመጣ ሰው ነው። ይኼኛው ግዳጅ ጥይት የሚተኮስበት አልነበረምና ሲመለስ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይገባል ብለን ጠብቀን ነበር። አልገባም። እሱ በሌለበት ቤቱ የራሱን ሥርዓት ይዟል፦ ማን ልጆቹን እንደሚቀሰቅስ፣ ሒሳብ መቼ እንደሚከፈል፣ ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ። እሱ ሲመጣ የቤቱ አባወራ መሆኑን ማሳየት ፈለገ፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን የተሸከምኩትን ሸክም ማንም መጥቶ እንዲያርመው አልፈለግሁም። በረባ ባልረባው እንጋጫለን። ትንሿ ልጃችን ወደ እሱ አትሄድም። ሌሊት ተነሥቶ በሮቹን ይፈትሻል። መኪና ሲነዳ ከጎኑ መቀመጥ ያስፈራ ነበር። ከቤት ውጭ ስንሆን ጀርባውን ለግድግዳ ሳይሰጥ አይቀመጥም።

ስልኩን ያነሣችው ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ባለቤቴ አልነበረም። «እርስዎ አሁን ደኅና ነዎት? ቤት ውስጥ የሚያስፈራዎት ሰው አለ?» አለችኝ። ቀጥላ ራሴን ወይም ሌላ ሰው የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብኝ እንደሆነ ጠየቀች። ይህን ጥያቄ ለሁሉም ስለሚያቀርቡት አትደንግጡ። በእንግሊዝኛ መናገሬ ቢያስቸግረኝ አስተርጓሚ ማስገባት እንደምትችልም ነገረችኝ፤ አገልግሎቱ ከ150 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች የስልክ ትርጉም አለው። የመጀመሪያውን ጥሪ በአማርኛ አስተርጓሚ ጨረስኩት፤ ብቁ አስተርጓሚ ነበር። ለቀጠሮዎቹ ግን ያለ አስተርጓሚ መቀጠልን መረጥሁ። የባልና ሚስት ጉዳይ ሦስተኛ ሰው መሐል ገብቶ ሲያስተላልፈው ይቀዘቅዛል። እንግሊዝኛው ለማይመቸው ሰው ግን አስተርጓሚው ካለ ምንም ከመቅረት እጅግ ይሻላል።

ልጆቹን ትቼ የምወጣበት ጊዜ ስላልነበረኝ የቪዲዮውን መረጥሁ። አማካሪዬ በመጀመሪያው ቀጠሮ የአንድ ተራ ማክሰኞ ውሏችንን ከጠዋት እስከ ማታ በዝርዝር እንድነግራት አደረገች። ከዚያ «ከእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የትኛውን ለእሱ መስጠት ትፈልጊያለሽ? የትኛውንስ መስጠት አትፈልጊም?» አለችኝ። ያንን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉንም በአንድ ቀን ከማስረከብ አንድ በአንድ፣ እሱ ራሱ እየመረጠ እንዲረከብ መከረችን። የመጀመሪያው የልጆቹ የትምህርት ቤት ጉዞ ሆነ። የቤቱን ሒሳብ የያዘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያንን ለመልቀቅ እኔ ነበርሁ የዘገየሁት።

ስለ ልጃችን የሰጠችን ምክር ቀላል ነበር፦ «ሂጂ አባትሽን እቀፊ አትበሏት።» ማታ ሲተኙ እኔ ክፍሉ ውስጥ እያለሁ እሱ ታሪክ ያንብብላት፤ ቀስ በቀስ እኔ በሩ ላይ፣ ከዚያም ውጭ። እንደዚያው አደረግን፤ ልጅቷም በራሷ ጊዜ ወደ አባቷ ሄደች። ስለ ጭቅጭቅም አንድ ስምምነት አጻፈችን። ከመካከላችን ንዴቱ የበረታበት ሰው ይወጣል፤ ሲወጣ ግን በስንት ሰዓት ተመልሶ እንደሚያወራ ይናገራል፤ በተናገረውም ሰዓት ይመለሳል። የኋለኛው ክፍል ነው ቤታችንን የለወጠው። በፊት እሱ በሩን ዘግቶ ሲወጣ እኔ ሄደ፣ ቀረ እያልሁ እንቆራጠጥ ነበር።

ለእኔ ከሁሉ የከበደው ሌላ ነው። ባለቤቴ ግዳጅ ላይ ሳለ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይሸበር ነበር። የወታደር ሚስት የሆነች ለምን እንደሆነ ታውቃለች፤ መርዶ የሚያመጡት የደንብ ልብስ ለብሰው፣ በር አንኳኩተው ነው። እሱ በሰላም ተመልሶ፣ ሳሎን ተቀምጦ እንኳ ዕቃ የሚያደርስ ሰው ሲያንኳኳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ይህንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ጦር ሜዳ የሄደው እሱ ሆኖ ሳለ እኔ ምን አባቴ ሆኜ ልናገር? አማካሪዬ ግን ልክ እንደ እሱ ጉዳይ ቁም ነገር አድርጋ ያዘችው። የኔን ቀጠሮዎች አብዛኛውን የወሰደው ይኸው ፍርሃቴ ነው። ስለዚህም ነው ባልሽ እስኪስማማ አትጠብቂ የምለው። ሚስትም ባልም በራሱ ስም ይደውላል፤ የወታደሩ ፈቃድ አያስፈልግም።

ባለቤቴ መጀመሪያ አልፈለገም ነበር። «ስሜ መዝገብ ላይ ይገባል፣ ማዕረጌ ይቀራል፣ ክሊራንሴን አጣለሁ» ይላል፤ ክሊራንስ ምሥጢራዊ ሥራ ለመሥራት የሚሰጥ ፈቃድ ነው። የአብዛኞቹ ወታደሮች ፍራቻ ይኸው ነው፤ ከባዶ ሜዳም የመጣ አይደለም። ስለዚህ ያወቅሁትን አንድ በአንድ ልዘርዝር።

ይህ ምክር የሕክምና አገልግሎት ስላልሆነ በወታደሩ የሕክምና ፋይል ውስጥ አይገባም፤ ለአለቃውም አይነገርም። የምሥጢር ክሊራንስ የሚጠየቅበት ኤስኤፍ-86 የተባለው ፎርም በክፍል 21 ስለ አእምሮ ጤና ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ጌትስ ከውጊያ ጋር በተያያዘ ምክር የወሰደ ወታደር ያንን በፎርሙ ላይ እንዳይጠየቅ መደረጉን አስታወቁ። የትዳር፣ የቤተሰብና የሐዘን ምክርም እንደዚሁ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው እንደገና ተሻሽሎ ዛሬ የሚያተኩረው በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ሆስፒታል ተኝቶ በመታከም፣ በተወሰኑ ከባድ ሕመሞችና የሰውየውን ማመዛዘን በእጅጉ በሚጎዳ ሁኔታ ላይ ነው። ሐኪም ጋ መሄድን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ መመሪያ አለ፤ ሐኪሙ ለአለቃ የሚያሳውቀው እንደ ራስን ወይም ሌላውን የመጉዳት አደጋ ባሉ በተለዩ ምክንያቶች ብቻ እንዲሆን ያዛል።

ባለቤቴን ያሳመነው ይህ ሁሉ ሕግ አይደለም። እኔ ሳምንት በሳምንት ስቀመጥ አይቶ፣ ማንም አለቃ እንዳልጠራው አይቶ ነው የመጣው። በመጀመሪያው ቀን ካሜራው በማይደርስበት ቦታ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። አማካሪዋ አይታዋለች፤ ምንም አላለችም።

ምሥጢሩ ግን ወሰን አለው፤ ይህንንም አስቀድመው ይነግሩሃል። ራስን የመግደል ወይም ሰውን የመጉዳት አደጋ ካለ፣ በልጅ ወይም በትዳር ጓደኛ ላይ ጥቃት ከተፈጸመ፣ ሕገ ወጥ ድርጊት ካለ አማካሪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ቤት ውስጥ ዱላ ያለባት ማንኛዋም እህት ይህን ቀድማ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ለእሷ የተሻለው በየቤዙ (በየጦር ሰፈሩ) ያለው ፋሚሊ አድቮኬሲ ፕሮግራም ውስጥ የተጎጂዎች ተሟጋች ጋ መሄድ ነው። እዚያ «የተገደበ ሪፖርት» የሚባል ምርጫ አለ፤ የባልየው አለቃ ሳይነገረውና ምርመራ ሳይከፈት ሕክምናና ድጋፍ ማግኘት ትችላለች። ከአማካሪ ጋር ስለ ትዳር መወያየት የሚደበደብን ሰው አያድንም።

አሁን ሕክምና አይደለም ወዳልሁት ልመለስ። ባለቤቴ በቀጠሮዎቹ መሐል ስለሚያያቸው ቅዠቶችና ስለ አንድ መንገድ፣ አፍጋኒስታን ስላለ መንገድ፣ መናገር ጀመረ። አማካሪዋ በጥሞና ሰማችው። ከዚያ «ይህ እኔ ልረዳህ ከምችለው በላይ ነው፤ የሚያድን ሕክምና ግን አለው» አለችው። እዚያው እኛ እያለን በቤዙ ከሚገኘው የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ጋር በስልክ አገናኘችን። ሚሊታሪ ዋንሶርስ ፒቲኤስዲን (ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ የሚከተል የአእምሮ ሕመም)፣ ከባድ ድብርትን ወይም ሱስን አይመረምርም፣ መድኃኒትም አያዝም። ይህንን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ፤ እኔ አላይም። አቅሙን የሚያውቅና ሰዓቱን ጠብቆ አሳልፎ የሚሰጥ አማካሪ ብርቅ ነው። ባለቤቴ ክሊኒኩ ውስጥ ኮግኒቲቭ ፕሮሰሲንግ ቴራፒ የሚባለውን ወሰደ፤ እሱም ብዙውን ጊዜ 12 ያህል ቀጠሮ የሚፈጅ፣ ለፒቲኤስዲ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው። ቀላል አልነበረም። ከቀጠሮ ሲመለስ ለሰው የማይናገርባቸው ቀናት ነበሩ። በሮቹን ግን አሁን አይፈትሽም።

እሱ በሕክምና ላይ እያለ የእኔ ቀጠሮ አለመቋረጡ ከምንም በላይ ጠቅሞኛል። ሕመምተኛ ሲታከም ቤተሰቡ ይረሳል፤ ይህ አገልግሎት አልረሳንም።

ስለ ጉዳዩ ከማኅበረሰባችን ጋር ማውራት ከባድ መሆኑን አልክድም። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም ብለን ነው ያደግነው፤ እኔም አምንበታለሁ። የንስሐ አባቴ ጸልየውልናል፣ መክረውናልም፤ ምክራቸው ትዕግሥት ሰጥቶኛል። ሌሊት እየጮኸ የሚነቃን ሰው እንዴት ሳላስደነግጠው ልቀስቅሰው ለሚለው ግን እሳቸውም ሐኪም ጋ ሂዱ ነው ያሉት። (እጁን ከመንካት ራቅ ብሎ ስሙን ደጋግሞ መጥራት ነው፤ ለሚያስፈልጋት እንዲሆን ጻፍሁት።) ለአማካሪ መናገር ገመናን ማውጣት አይደለም። አማካሪው ጎረቤት አይደለም፣ ዘመድም አይደለም፣ በሰርግ በልቅሶ አይገናኘንም።

ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ሌሎች በሮችም አሉ። በየቤዙ፣ በየሕፃናት ማቆያውና በብዙ ትምህርት ቤቶች ኤምፍላክ የሚባሉ አማካሪዎች ይሠራሉ፤ ማስታወሻ በፋይል አያስቀምጡም፣ ቡና መጠጫ ቦታም ቢሆን ተገናኝተው ያወራሉ። ጉድለታቸው ይለዋወጣሉ፤ ለምደህ ስትጨርስ ሌላ ይመጣል። ከልጆች ጋር የሚሠሩት ሌላ አዋቂ በማያያቸው ቦታ ከልጅ ጋር ብቻቸውን አይሆኑም፤ ይህ ደንባቸው ለእናት ያረጋጋል። ቻፕሊን የሚባለው የጦሩ የሃይማኖት አገልጋይ ደግሞ የእናንተን ሃይማኖት ባይከተልም ምሥጢር ጠባቂነቱ ከሁሉም የጠበቀ ነው፤ በምሥጢር የነገራችሁትን እናንተ ሳትፈቅዱ አያወጣም። ውጊያ ቀጣና የዋለ ሰው በሥራ ላይ ቢሆንም እንኳ ቬት ሴንተር ወደሚባሉት የዘማቾች የምክር ማዕከሎች መሄድ ይችላል፤ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1979 ለቬትናም ዘማቾች ያቋቋማቸው ሲሆኑ ዛሬ በመላ አገሪቱ 300 ያህል አሉ፣ ቤተሰብንም ያማክራሉ። ፒቲኤስዲ ኮች የሚባለው የስልክ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው፤ ነፃ ነው፣ ስም አያስመዘግብም፤ ባለቤቴ ለመተንፈስ ልምምዱ ይጠቀምበታል። ትራይኬር የሚባለው የጦሩ የጤና መድን ያለን የትዳር ጓደኞች በኔትወርኩ ውስጥ ላለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ በአብዛኛው ሪፈራል አያስፈልገንም፤ ወታደሩ ራሱ ግን ያስፈልገዋል።

ወታደሩ ራሱ እርዳታ ፈልጎ መንገዱ ከጠፋበት የብራንደን ሕግን ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕይወቱን ባጣው የባሕር ኃይል ባልደረባ ብራንደን ካሰርታ ስም የተሰየመ ሲሆን በ2021 መጨረሻ ጸድቆ በ2023 ሥራ ላይ መዋል ጀምሯል። ወታደሩ ማዕረጉ ኢ-6 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ የበላዩ «የአእምሮ ጤና ምርመራ እፈልጋለሁ» ካለ ምክንያቱን መግለጽ አይጠበቅበትም፤ አለቃውም በተቻለ ፍጥነት ሊልከው ይገደዳል። ወላጆቹ ለዓመታት ደጅ ጠንተው ያስገኙት ሕግ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እናቱ ትታየኛለች።

ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን የምክር ቀጠሮ አትጠብቁ። 988 ደውሎ 1 መጫን ነው፤ ወይም 838255 ላይ መልእክት መላክ ነው። ለወታደሩም ለቤተሰቡም ይመልሳሉ።

ስለ ሚሊታሪ ዋንሶርስ እንዲሻሻል የምመኘው አንድ ነገር አለ። አሥራ ሁለት ቀጠሮ ለአንድ የተለየ ችግር ይበቃል፤ በግዳጅ፣ በዝውውርና እንደገና በግዳጅ ለሚኖር ትዳር ግን ያንሳል። አማካሪን ከለመዱ በኋላ መለያየቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ «ከዚህ በኋላ ወዴት ልሂድ?» ብላችሁ ራሳችሁ ጠይቁ፤ ቀጣዩን ስምና ስልክ ሳትይዙ የመጨረሻውን ቀጠሮ አትጨርሱ። የተመደበላችሁ አማካሪ ካልተስማማችሁም ደውሎ ሌላ መጠየቅ መብት ነው፤ ማብራሪያ አይጠየቅበትም።

ስልኩ 800-342-9647 ነው። ስትደውሉ የወታደሩን የአገልግሎት ክፍል፣ በሥራ ላይ ይሁን በጋርድ ወይም በሪዘርቭ፣ የእናንተንም ዝምድና ይጠይቋችኋል፤ እነዚህን አዘጋጁ። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ሌላ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ» በሉና መስመሩ ላይ ቆዩ።